በሠርግ ሜዳ ስለሚደረግ ጨዋታ፤ ዐውቆ መሸነፍ ማክበር ነውን?

በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ግዛት የሚኖሩ ዘመዶቼ ልጃቸውን ሲድሩ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ሠርጉ በአዳራሽ ከተፈጸመ በኋላ በማግሥቱ የመልሱ ግብዣ በሙሽራዪቱ አባት ቤት ጓሮ ሆነ። ጓሮ ማለቴ በእኛ አገር እንደምናውቀው ጎመንና ጌሾ የሚተከልበት ስፍራ አይደለም፤ ከቤቱ በስተኋላ ያለ፥ ዙሪያውን በእንጨት አጥር የታጠረ፥ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ የታጨደ ሜዳ ነው። ዳሱ በሸራ ተጥሎ፥ ወጡና ጠጁ ቀርቦ፥ እናቶች ለብቻ ወጣቶችም ለብቻ ሆነው ወሬ በያዙበት ሰዓት የሙሽራው ሚዜዎች ሁለት ሳንቃ ተሸክመው መጡና ከሣሩ ላይ አኖሩ።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ሳንቃው ቁመቱ 4 ጫማ ወርዱም 2 ጫማ ነው፤ ራስጌው 1 ጫማ ያህል ከፍ ይላል፥ ግርጌው ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ቀረብ ብሎ ስፋቱ 6 ኢንች የሆነ ክብ ቀዳዳ አለው። ሁለቱ ሳንቃዎች 27 ጫማ ተራርቀው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ተጋጣሚዎቹ አራት አራት ትንንሽ ከረጢት ይዘው በየተራ ይወረውራሉ፤ ከቀዳዳው የገባ 3፥ ከሳንቃው ላይ የቀረ 1 ይቈጠራል፤ የአንዱ ከሌላው ተቀንሶ ትርፉ ብቻ ይያዛል፤ አስቀድሞ 21 የሞላ አሸናፊ ይሆናል። ከረጢቱን ቀድሞ በደረቅ በቆሎ ይሞሉት ስለ ነበረ ጨዋታውን ኮርንሆል ይሉታል፤ የበቆሎ ቀዳዳ እንደ ማለት ነው። በዚያ አገር ጓሮ ባለው ቤት ሁሉ፥ ሠርግ ቢሆን ልደት ቢሆን፥ ይህ ሳንቃ አይታጣም።

የሙሽራዪቱ አያት ከጎጃም ሄደው ከልጃቸው ዘንድ የተቀመጡ፥ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሽማግሌ ናቸው። የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ የልጅ ልጆቻቸውም አማርኛን በመጠኑ ይሰሙታል እንጂ አጥርተው አይናገሩትም። ስለዚህ በግብዣ ሁሉ የክብር ወንበር ይሰጣቸዋል፥ ጉልበታቸው ይሳማል፥ ከዚያም በኋላ እንደ ከበረ ዕቃ በተቀመጡበት ይቀራሉ። በዚያን ቀን ግን ከረጢቱ ሲወረወር ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ኩታቸውን አስተካክለው ተነሡና «እስቲ አምጡት» አሉ። በልጅነቱ ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፍ የለመደ እጅ ነበርና አንደኛው ከረጢት ከሳንቃው ቢያልፍ ሁለተኛው ከላዩ ዐረፈ፥ አራተኛውም ከቀዳዳው ገባ። ተጋጣሚያቸው የ16 ዓመት የልጅ ልጃቸው፥ የሙሽራዪቱ ወንድም ነበረ። ሰው ሁሉ ወሬውን ትቶ ከበባቸው። ጨዋታው እኩል ለእኩል ሄዶ ሁለቱም 17 በደረሱ ጊዜ ልጁ አራቱን ከረጢት አከታትሎ ከሣሩ ላይ ጣለ፤ አያቱም አንዱን ከቀዳዳ፥ አንዱን ከሳንቃ አግብተው 21 ሞሉ። እልልታው ቀለጠ።

ሽማግሌው ግን ደስ አላላቸውም። ልጁን ትክ ብለው አዩትና «አንተ ልጅ፥ ሽበቴን አከበርኸው፤ እኔን ግን ናቅኸኝ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። የልጁ እናት «አባባ፥ ልጁ እኮ ለክብርዎ ብሎ ነው» ብትል «ይህን ክብር ማን ለመነው?» አሉ። ልጁም ከነገሩ ግማሹን ብቻ ስለ ሰማ ፊቱ ቀልቶ ቆሞ ቀረ። ከእንግዶቹ እኩሌቶቹ ለሽማግሌው፥ እኩሌቶቹም ለልጁ ፈረዱ። እኔ ዝም አልሁ፤ ዝም ያልሁትም መልሱን ስላላወቅሁ ነው። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ሰነበትሁ፥ ያገኘሁትንም ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

ምናልባት «የከረጢት ውርወራ ምን ቁም ነገር ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚለው ሰው የሶምሶንን ሠርግ ያስታውስ። ሶምሶን በተምና ግብዣ አድርጎ ለ30 ሚዜዎቹ እንቈቅልሽ አቀረበ፤ 7 ቀንም ጊዜ ሰጣቸው፤ ቢፈቱት 30 የበፍታ ቀሚስና 30 የክት ልብስ ሊሰጣቸው፥ ባይፈቱት እነርሱ ያንኑ ሊከፍሉት ተወራረዱ። እነርሱም ባቃታቸው ጊዜ ሙሽራዪቱን በእሳት እናቃጥልሻለን ብለው አስፈራሩአትና ፍችውን በልቅሶዋ አወጡት። ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ በአስቀሎና 30 ሰው ሞተ፥ ሙሽራዪቱም ለሚዜው ተሰጠች። የዚያ ጨዋታ ጥፋት ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ ከእንቈቅልሹ አልመጣም፤ እንቈቅልሽ በሠርግ ቤት ያምራል። ከውርርዱ ትልቅነት መጣ የሚሉ አሉ፤ ይህም በከፊል እውነት ነው። ይልቁንም ሚዜዎቹ በራሳቸው ልብ ያላገኙትን ነገር እንዳገኙት መስለው በሙሽራው ፊት ስለ ቆሙ መጣ። ሶምሶን የመረረው በመሸነፉ አልነበረም፤ ድሉ ሐሰት መሆኑን ስለ ዐወቀ ነበረ። የሜሪላንዱ ሽማግሌም የመረራቸው ይኸው ነው፤ ሐሰተኛው ድል የተሰጠው ለእርሳቸው በመሆኑ ብቻ ይለያል።

ሰዎች በሣር ላይ ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነገሥታትና ምክር ቤቶች ሕግ አውጥተዋል፤ ይህም ነገሩ ቀላል እንዳይደለ ያሳያል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1541 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ሕዝቡ ቀስት መልመዱን ትቶ በጨዋታ ጊዜውን ያጠፋል በማለት ብዙ ጨዋታዎችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከነዚህም አንዱ በለምለም ሣር ላይ ከባድ የእንጨት ድብልብል እያንከባለሉ ወደ አንዲት ትንሽ ድብልብል የሚያስጠጉበት ቦውልስ የተባለው ጨዋታ ነበረ። የእጅ ሠራተኛ፥ የቀን ሞያተኛና ሎሌ ይህን እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ በገና ሰሞን ብቻ፥ ያውም በጌታቸው ቤት ወይም በጌታቸው ፊት ሆነው ይጫወቱ ዘንድ ተፈቀደላቸው። በዓመት 100 ፓውንድ የሚያገባ ርስት ያለው ባለጠጋ ግን ፈቃድ እየሰጠ በገዛ አትክልቱ ውስጥ ማጫወት ይችል ነበር። ይህ ክልከላ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ከሕግ መጽሐፍ አልተፋቀም። ከዚያም በኋላ ንጉሥ ጄምስ በ1618 ዓ.ም. ሕዝቡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲጨፍር፥ እንዲዘልና ቀስት እንዲወረውር የሚፈቅድ አዋጅ ሲያወጣ ቦውልስን ለተራው ሰው እንደ ተከለከለ ተወው። አዋጁ በ1633 ዓ.ም. እንደገና ወጥቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበብ በተባለ ጊዜ አናነብም ያሉ ካህናት ከሹመታቸው ተሻሩ፤ በ1643 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ምክር ቤት ያንኑ አዋጅ በአደባባይ አስቃጠለው። አንዱ ንጉሥ ተጫወቱ ሲል፥ ሌላው ወገን አትጫወቱ ሲል፥ ሁለቱም በግድ መሆኑ ይደንቃል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ «በጌታቸው ፊት» የሚለው ቃል ነው። ሎሌው በገና ቀን በጌታው አትክልት ውስጥ ድብልብሉን ሲያንከባልል ጌታው ቆሞ ያየዋል፤ ምናልባትም አብሮ ይጫወታል። ሕጉ መጫወትን ፈቀደ፤ ሎሌው ጌታውን ያሸንፍ ዘንድ መፍቀዱን ግን አልተናገረም። ነገ በበቅሎው ኋላ የሚሮጥ ሰው ዛሬ ከረታ በኋላ ምን ያገኘዋል? ልቡ የሠጋ ሰው እጁ አይታዘዝለትም፤ ቢታዘዝለትም አያዘው።

የእኛ አገር ልማድ በዚህ ነገር ከሕጋቸው ይልቅ ጠለቅ ይላል። በልደት ቀን የገና ጨዋታ አለ። ጫፉ የተቈለመመ ዱላ ይዘው፥ ጥንግ የምትባለውን ድብልብል እየመቱ ሁለት ወገን ይፋለማሉ፤ የሜዳው ወሰን ሆነ የተጫዋቹ ቍጥር የተቈረጠ አይደለም፥ ቅልጥም መመታትም የተለመደ ነው። በዚያን ቀን ጌታ ከሎሌው ጋር ቢገጥም፥ ሎሌውም ቢረታው ቢዘልፈውም፥ ጌታ እንዳይቈጣ ልማዱ ያዝዛል፤ ይህንም በምሳሌ ሳይቀር ሰው ሁሉ ይናገረዋል። እንግሊዞች ጌታ በቦታው እንዲገኝ አዘዙ፤ አባቶቻችን ግን ጌታ ቍጣውን እንዲያስቀር አዘዙ። በዓመት አንድ ቀን ብቻ መሆኑ የቀሩት ቀኖች እንዴት እንደ ነበሩ የሚመሰክር ስለ ሆነ ልማዱን ከልክ በላይ አላመሰግንም። ነገር ግን ጨዋታ ጨዋታ ይሆን ዘንድ ምን እንደሚያስፈልገው ዐውቀውት ነበር፤ ይኸውም ለአንድ ሰዓት ያህል ትልቁም ትንሹም በአንድ ዳኛ ሥር መቆማቸው ነው፥ ዳኛውም ጥንጊቱ ናት።

ዛሬ በየአገሩ በሠርግ ሜዳ የሚታየው የሣር ላይ ጨዋታ ብዙው ከዚያችው ከእንግሊዝ አገር የወጣ ነው። ቀድሞ ሣርን አስተካክሎ ማቆየት ማጭድ ያለው ብዙ ሠራተኛ ወይም የበግ መንጋ የሚጠይቅ የባለጠጋ ነገር ነበር። ኤድዊን ባዲንግ የተባለ ሰው በ1830 ዓ.ም. በሸማ ፋብሪካ የጨርቅን ጠጕር የሚላጨውን መኪና አይቶ፥ እንደዚሁ ሣርን የሚላጭ መኪና ሠራ። ከዚያም ወዲህ መካከለኛው የከተማ ሰው ሁሉ ከቤቱ ኋላ እንደ ሸማ የተላጨ ሜዳ ሊኖረው ቻለ። በ1850ዎቹ ዓመታት ክሮኬት የተባለው ጨዋታ ከአይርላንድ ወደ እንግሊዝ ገባ። በሣሩ ላይ ትንንሽ የብረት ቅስቶች ይተከላሉ፤ ተጫዋቹ በረጅም የእንጨት መዶሻ ኳሱን እየመታ በቅስቶቹ ሥር ያሳልፋል። ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ሜዳ፥ በአንድ ሕግ፥ በእኩልነት ከተጫወቱባቸው የመጀመሪያዎቹ የሜዳ ጨዋታዎች አንዱ ይህ ስለ ሆነ በግብዣ ሁሉ ተወደደ። በ1868 ዓ.ም. ለዚሁ ጨዋታ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩ በዊምብልደን ሜዳ ያዘ፥ በ1875 ዓ.ም. ቴኒስን ጨመረ፥ በ1877 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቴኒስ ውድድር አደረገ፤ ከዚያም በኋላ እንግዳው ቴኒስ ባለቤቱን ክሮኬትን ከገዛ ቤቱ ወደ ጥግ ገፋው። ይህ በሰውም ቤት የሚሆን ነው።

ክሮኬት ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች በጥላ ሥር ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ አንዱ ኳስ ሌላውን ሲነካ፥ የነካው ሰው የጠላቱን ኳስ መትቶ ከሜዳው ዳር ድረስ እንዲያባርር ይፈቀድለታል፤ በጥንቱም ዘመን የገዛ ኳሱን በእግሩ ረግጦ ይዞ የባልንጀራውን ብቻ ወደ ቍጥቋጦ ይሰድድ ነበር። በሠርግ ቤት ደግነቱ የተመሰገነ ሰው በዚህ ሰዓት ምን ያህል ሲደሰት እንደሚታይ የተመለከተ ያውቀዋል። እኔ ይህን አልነቅፍም። ክፋት በሣር ላይ በመዶሻ ቢወጣ በጕባኤ በምላስ ከሚወጣ ይሻላል።

የእንግሊዝ ደራሲ ሉዊስ ካሮል በ1865 ዓ.ም. ባሳተመው፥ አሊስ ስለምትባል ልጅ በሚናገረው የተረት መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ንግሥት ክሮኬት ታጫውታለች። ኳሶቹ ሕያዋን ጃርቶች ናቸው፥ መዶሻዎቹም አንገታቸው የሚጠማዘዝ ረጃጅም ወፎች፤ ቅስት የሆኑትም ጐንበስ ያሉ ወታደሮች ናቸው፥ ሲሻቸውም ተነሥተው ይሄዳሉ። ንግሥቲቱ በየደቂቃው እየተቈጣች የዚህ ራስ ይቈረጥ፥ የዚያች ራስ ይቈረጥ ትላለች። ወታደሮቹም ቅስትነታቸውን እየተዉ የተፈረደበትን ሁሉ ይዘው ስለ ሄዱ በመጨረሻ በሜዳው ላይ ከንግሥቲቱ፥ ከንጉሡና ከልጅቱ በቀር ተጫዋች አልቀረም። (ንጉሡ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉን ይምራቸዋል፤ እንዲህ ያለ ንጉሥ በየቤቱ አይጠፋም።) ደራሲው ይህን ለልጆች ሳቅ ጻፈው፤ እኔ ግን ሳነበው የሜሪላንዱ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ንግሥቲቱ በማስፈራራትዋ ብዛት በሜዳው ላይ ብቻዋን ቀረች። ሽማግሌውም እንዲሁ ብቻቸውን ቀሩ፤ እርሳቸውን ያስቀራቸው ግን የልጁ ርኅራኄ ነው። በ17 ላይ ልጁ ሳይናገር ከሜዳው ወጣ፤ ሥጋው ቆሞ ከረጢት ይወረውራል፥ ተጋጣሚው ግን የለም። እልል የተባለላቸው ሽማግሌ የተጫወቱት ከማንም ጋር አልነበረም። ስለዚህ «ናቅኸኝ» ማለታቸው ልክ ነው ብዬ ወደ ማመን መጣሁ።

ይህን ነገር በወጣትነቴ አንድ ጊዜ አይቼው ሳላስተውለው ቀርቼ ኖሯል። በቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ በገና ዕለት ከተማሪዎች ጋር ዱላ ይዘው ይወጡ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ስለ ነበረ ጥንጊቱን ብዙ ጊዜ ይስቱአታል፤ ያን ጊዜ ተማሪ ሁሉ ይስቃል፥ እርሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ዓመት ግን ከእኛ መካከል አንዱ፥ የኔታ ዘንድ ሞገስ ለማግኘት ይመስለኛል፥ ጥንጊቱ ወደ እርሱ በመጣች ጊዜ ዱላውን ዘወር አድርጎ አሳለፈላቸው። የኔታም መትተው አገቧት፤ እኛም ጮኽን። እርሳቸው ግን ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና ልጁን ጠርተው «ነገ ቅኔህ ቤቱን ሳይመታ ቢቀር ይበል ብልህ ትወድዳለህን?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። «እንግዲያው የማትበላውን አታጕርሰኝ» ብለው ወደ ጨዋታው ተመለሱ። የኔታ በማግሥቱ የዚያን ልጅ ቅኔ በሦስት ስፍራ አፈረሱበት፤ ቂም ይዘው ነው ያሉ ነበሩ፤ ቅኔው ግን በእውነት ፍርሻ ነበረው።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያውቃል። መልካም ላልሆነ ቅኔ «ይበል» የተባለ ተማሪ ለጊዜው ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በመልካሙም ቅኔው «ይበል» ሲባል አያምንም። የሐሰት ምስጋና ራሱን ብቻ አያጠፋም፥ የኋላውን የእውነት ምስጋና ሁሉ አብሮ ያበላሻል። ሽማግሌው ያን ቀን እስከ 17 የደረሱት በገዛ እጃቸው ይሁን በልጁ ቸርነት እንግዲህ በምን ያውቃሉ? ልጁ አራት ከረጢት ሲጥል የቀድሞዎቹንም ሁሉ አጠራጠራቸው። የወሰደባቸው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ከወዳጆቼ አንዱ ካህን አንሥቶብኝ ለመመለስ ብዙ ቸግሮኛል። «ምጽዋት በስውር ይሁን፥ ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ተብለናል፤ ልጁ ለአያቱ ድልን በስውር መጸወተ፤ በስውር መስጠት በምጽዋት ጽድቅ ሆኖ በጨዋታ ኃጢአት የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?» አለኝ። እኔም እንዲህ አሰብሁ። መጽዋች የሚሰውረው ራሱን ነው፤ እንጀራውን አይሰውርም፤ የተቀበለው ሰው በእጁ የያዘው እውነተኛ እንጀራ ነው። ዐውቆ የሚሸነፍ ሰው ግን ራሱን ሳይሰውር ስጦታውን ይሰውራል፤ የሚሰጠውም ነገር እርሱ ያለው ነገር አይደለም። ድል ከአሸናፊው እጅ የሚወጣ እንጂ ተሸናፊው ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠው ገንዘብ ስላይደለ፥ ሰጠሁ ሲል የሚሰጠው ስለ ሌላው ሰው እጅ የተነገረ የሐሰት ምስክርነት ነው። ወዳጄ ይህን ሰምቶ «መልካም፤ ግን ለ4 ዓመት ሕፃንም እንዲህ ትላለህን?» አለኝ። ለሕፃን አልልም። የ4 ዓመት ሕፃን ከረጢቱ ከቀዳዳው ሲገባ ማየት ይሻል፤ ማን ረታ የሚለውን ገና አልጀመረም፤ ስለዚህ የምንዋሸው ነገር የለም። ጥያቄው የሚመጣው ሕፃኑ «በእውነት ነው ያሸነፍሁህ?» ብሎ የጠየቀ ቀን ነው። ያን ቀን ማታለል ይቁም።

ደግሞስ ዳግመኛ ከአልጋው የማይነሣ ሕመምተኛ ገበጣ ልጫወት ቢል፥ አንድ ጊዜ ቢያሸንፍ ደስ ብሎት እንደሚያርፍ ብናውቅ፥ ጠጠሩን አናዛባለትምን? ይህን ባሰብሁ ጊዜ ፍርዴ ይደክማል። አዛባለታለሁ ማለትን እፈራለሁ፥ አላዛባም ማለትን ግን ከዚያ ይልቅ እፈራለሁ። ጥያቄውን ከእኔ የሚበልጥ ሊቅ ይፍታው።

ስለ ጤነኛው ሽማግሌ ግን መንገዱ የታወቀ ነው፤ የጨዋታ ሰዎችም ከእኛ ከመጻሕፍት ሰዎች አስቀድመው አግኝተውታል፤ ይኸውም እርዳታን በግልጥ መስጠት ነው። በክሮኬት ደካማው ከብርቱው ጋር ሲገጥም ቢስክ የሚባል ተጨማሪ ተራ አስቀድሞ ተቈጥሮ ይሰጠዋል፤ በቍጥሩም ልክ ትንንሽ ነጫጭ እንጨቶች ከሜዳው ዳር ይተከላሉ፤ አንዱን ተራ በተጠቀመበት ቍጥር አንዱ እንጨት ይነቀላል። ማንም አያፍርበትም፤ ተመልካቹ ሁሉ ያየዋል፤ ከዚያም ወዲያ ብርቱው ያለ ምሕረት ይጫወታል። የፈረስ ጫማ ወደ ተተከለ ብረት በሚወረወርበት ጨዋታም ጎልማሳው ከ40 ጫማ ርቀት ሲወረውር ሴቶች፥ ልጆችና አረጋውያን ወደ 30 ጫማ ቀርበው እንዲወረውሩ ሕጉ ይፈቅዳል። በእኛም ግብዣ እንግዳ ይቅደም ማለት፥ ለሽማግሌ ጥላውን መልቀቅ ከዚሁ ወገን ነው። በግልጥ የተሰጠ እርዳታ ሰውን አያሳንስም፤ ዕድሜ ዕድሜ ነው፥ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳንሰው ድካምህን አይቼብሃለሁ፥ ግን እንደማትችለው ስለ ማውቅ አልነግርህም የሚለው ዝምታ ነው።

ልጁን ግን አልኰንነውም፤ በእርሱ ላይ የፈረዱት ሰዎች ራሳቸውን ቢጠይቁ ይሻል ነበር። አክብሮት ማለት ጉልበት መሳምና ዝም ማለት ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን። ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበትን አማርኛ በጊዜው አልሰጠነውም፤ አያቱም የእርሱን ቋንቋ አልተማሩም። ነቢዩ ዘካርያስ በተስፋይቱ ከተማ አደባባይ ምርኵዝ የያዙ ሽማግሎችን ከሚጫወቱ ልጆች ጋር በአንድ ስፍራ አኑሯቸዋል፤ ሽማግሎቹ ግን እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ተነሥተው አብረው ይጫወቱ እንደ ሆነ አልተናገረም። የእኔ ሽማግሌ ተነሥተው ነበር። በዚያን ቀን በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የነበረው ቋንቋ ያ ከረጢት ብቻ ነበረ፤ ልጁም በአንዲቱ በሚግባቡባት ቋንቋ ውሸት ተናገረባት። ሽማግሌውን ያሳዘናቸውም ይኸው ይመስለኛል፤ 21 መሙላት አለመሙላት ምናቸው ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ከረጢቶቹን ሰብስቦ ወደ አያቱ ወንበር ሄደና በተሰባበረ አማርኛ «አባባ፥ እንደገና። አሁን እውነት» አለ። ሽማግሌው ዝም አሉት። እናቱ አስተርጓሚ ሆና እንደ ነገረቻቸው፥ ልጆች በ27 ጫማ ፈንታ በ21 ጫማ ቆመው እንዲወረውሩ በጨዋታው ሕግ ይፈቀዳል፤ ከፈለጉ እርስዎም ከዚያ ይቁሙ አለ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ሣቁ። «ሽማግሌ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ቍጠሩኝ» ብለው ተነሡና ርቀቱን በገዛ ጫማቸው እየሰፈሩ፥ ሰው ሁሉ እያየ፥ መስመሩን በምርኵዛቸው በሣሩ ላይ አሰመሩ። ልጁም ኮቱን አወለቀ። የመጀመሪያውን 21 ለ9 ተረቱ፤ «ይደገም» አሉ። ሁለተኛውን 21 ለ16 ተረቱ። ልጁ አንዱን ከረጢት ከቀዳዳው በገባ ቍጥር እየዘለለ ይጮኽ ነበር፤ አያቱም በጎጃም ስድብ ይሰድቡት ነበር፤ ስድቡን ልጁ አልተረዳውም፥ እኛ የተረዳነው ግን ሆዳችንን ይዘን ሣቅን። ሦስተኛውን ሲጀምሩ መሽቶ ነበርና የሙሽራዪቱ አባት የጓሮውን መብራት አበራላቸው።